አይቼና ወድጄ

አብነት ያደገ ሰው ስለ መኪና ሳይማርም ያውቃል። ወደ ላይ ሲኬድ ሰባተኛ፣ ከሰባተኛ አለፍ ሲሉ መርካቶ፤ መርካቶ ውስጥ ደግሞ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ። ወደ ታች ሲወረድ በዳርማር በኩል ልደታ፣ ከልደታ አልፎ ስንቱን መካኒክ ያፈራው ተግባረ ዕድ። መሃል ላይ ያለው ሰፈራችን በቆርቆሮ የታጠሩ ጋራዦች፣ ጎሚስታዎች፣ ባትላሜራዎች፣ ባትሪ የሚሞሉ ጠባብ ሱቆች ነበሩት። ጠዋት ደብተር ይዘን ስንወጣ የሚቀበለን የተቃጠለ ዘይትና የዱኮ ቀለም ሽታ ነው። ዛሬም የትም ብሆን ያ ሽታ ሲመጣብኝ ደስ ይለኛል።

ቤታችን መኪና የገባው በ1994 ዓ.ም. ነው። አባቴ የሂሳብ መምህር ነበር። ቀን ክፍል ሲያስተምር ውሎ፣ ማታ ሰው ቤት እየሄደ እያስጠና፣ ዕቁቡን አንድም ጊዜ ሳያስተጓጉል ጥሎ ዕጣው ሲወጣለት "መኪና" አለ። እናቴ ጣሪያው ይታደስ ባይ ነበረች። ደላላው ያመጣት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ነበረች፣ አዲስ አበባ ዲኤክስ ብሎ የሚጠራት፣ የ1982 እ.ኤ.አ. ሥሪት። እኔ ሳልወለድ የተሠራች ናት፤ ለእኔ ግን ከዚያች የበለጠ አዲስ ነገር ዓለም ላይ አልነበረም።

ኮሮላ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በ1997 ደግሞ ፎልስዋገን ቢትልን በልጣ በዓለም ላይ በብዛት በመሸጥ አንደኛ ሆነች። አብነት ውስጥ ግን ስለዚህ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። የሚወራው ዕቃዋ ሶማሌ ተራ መገኘቱ፣ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ፈታትቶ የሚገጥማት መሆኗ ነበር። "አራት ኬ" የሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተሯ ካርቡራተር፣ ፑንቲናና ካንዴላ እንጂ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቅም። ኮፈኑ ሲከፈት እስከ መሬት ድረስ ይታያል፤ እጅ እንደ ልብ ይገባል።

አባቴ ብሩን ከመክፈሉ በፊት ከቤታችን ጀርባ ጋራዥ ለነበራቸው ሽማግሌ ሊያሳያት ፈለገ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሙያውን የቀሰሙት በልጅነታቸው ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እያቀበሉ ነው። "መምህር፣ በጠዋት ትምጣ፤ ሞተሯ ሳይሞቅ" አሉት። ደላላው መኪናዋን አቁሞ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ ኮፈኑን አስከፍተው መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ፈትተው ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ እንደሆነ አዩ። የዘይቱን ክዳን ገልብጠው ውስጡን በጣታቸው ጠረጉ። ከዚያ "አስነሣት" አሉት ረዳታቸውን፤ እሳቸው ጭስ ማውጫው ጋ ቁጢጥ አሉ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች፤ ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ደግሞ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። የኛዋ ጥቂት ነጭ አጨሰችና ጠራች።

ከዚህ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ጣታቸውን አጥፈው በሮቹን አንድ በአንድ እያንኳኩ መኪናዋን ዞሩ። ባዶ ላሜራ ሲመታ ይጮሃል፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የግራው የኋላ በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ነይ እዚህ አንኳኪ። አሁን ደግሞ እዚህ።" ልዩነቱ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የመምህር ልጅ ሆኜ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ባንድ አፍታ የገባኝ ትምህርት ግን አላስታውስም።

ኪሎሜትር ቆጣሪውን ዞር ብለውም አላዩት። የፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ምን ያህል እንደተበላ፣ የሾፌሩ ወንበር ምን ያህል እንደሰመጠ ነው የመረመሩት፤ ቆጣሪ ይመለሳል፣ የተበላ ጎማ ግን አይዋሽም ብለው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። በመጨረሻም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "በግራ በኩል ተመትታ ተሠርታለች፤ ሻንሲዋ ግን አልተነካም። ሞተሯ ደህና ነው። ቴስታታው ላይ አፌን ሞልቼ አልናገርም" አሉ። አባቴ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራክሮ ገዛት።

ውሉ ውልና ማስረጃ ሲፈረም እኔም ተከትዬ ሄጄ ነበር። አባቴ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ልማዱ ነው። ሻጭ፣ መኪናዋ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን አረጋግጣለሁ ይላል። ገዢ፣ ባለችበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ ይላል። ከሥር በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው የሚለው ይከተላል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሁሉ ይህን መስመር ያውቀዋል፤ ጸሐፊዎቹም ሳያስቡት ይጽፉታል። ሻጭ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ፍሬኑ የሚለው አንዳች ነገር የለም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ የራሴን መኪና ስገዛ ነው የሕጉን መጽሐፍ ገልጬ ያነበብኩት። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2287 ላይ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ነው ይላል። ገዢም የተረከበውን ዕቃ ቶሎ መርምሮ ጉድለት ካገኘበት ሳይውል ሳያድር ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። እንግዲህ ሕጉ ያገለገለ መኪና የሚገዛን ሰው ሜዳ ላይ አልተወውም ማለት ነው። "አይቼና ወድጄ" የምትለው ሐረግ ናት የገዢውን አፍ የምታስይዘው። ያየውን እንጂ ያላየውን የወደደ ገዢ የለም፤ ስለዚህ ውል የሚጽፉ ሰዎች ሐረጓን ከመድገማቸው በፊት ቢያንስ ሞተሩንና ካምቢዮውን ለይተው ቢጽፉ እወዳለሁ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ለሰው እመክራለሁ።

ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ የተናገረው ከዓመት በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ሰንዳፋ አጠገብ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን አለፈ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። አባቴ ወዲያው አጠፋት። አብነት የደረስነው በገመድ ተጎትተን ነው። በማግሥቱ የዘይቱ ክዳን ሲገለበጥ ውስጡ እንደ ማኪያቶ አረፋ ሆኗል፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል።

አባቴ ይህ የሞተር ነገር ስለሆነ በደንቡ ይሠራ ብሎ የቶዮታ ወኪሉ ጋ ሄድን። የወኪል ጋራዥ ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ የለም። ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል። ባለ ነጭ ሸሚዙ ተቀባይ አባቴን "እርስዎ ይቀመጡ" ብሎ የሻንሲ ቁጥሯን ጻፈና የመኪናዋን ሥዕል አወጣልን። ሥዕሉ ሞተሯን ብትንትን አድርጎ ያሳያል፤ ቴስታታው ከላይ፣ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ከሥሩ፣ ብሎኑ፣ ሮንዴላው፣ እያንዳንዱ አጠገቡ ቁጥር አለው። አንዲት ብሎን እንኳ ያለ ቁጥር አልቀረችም። ያን ሥዕል ሳይ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪና ማለት ጋሼ የሚያውቁት ምስጢር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ጽፎታል።

ሰውዬው ትሑትና ግልጽ ነበር። "የመኪናዋ ዋስትና ድሮ አብቅቷል። እኛ የምንገጥመው አዲስ ዕቃ ግን ዋስትና አለው፤ ችግር ካመጣ በነጻ እንቀይራለን" አለ። አባቴ የሥራውን ግምት አይቶ ዝም አለ። ዋጋው የብዙ ወር ደመወዙን ይበላል። ቀስ ብሎ "ጓርኒሲዮኑን ብቻ ከናንተ ገዝቼ ሌላ ቦታ ባስገጥመውስ?" ሲል ጠየቀ። "ዕቃው ኦሪጅናል ነው፣ ይውሰዱት። ዋስትናው ግን እኛ ስንገጥመው ብቻ ነው" አለና ምክንያቱን አስረዳን። ቴስታታው በሙቀት ትንሽ እንኳ ተጣምሞ ከሆነ፣ ብሎኖቹ በተገቢው ተራና ጥብቀት ካልታሰሩ፣ የፈለገውን ያህል ጥሩ ጓርኒሲዮን መልሶ ይቃጠላል። ትክክሉን ነው የተናገረው፤ ያን ማብራሪያ ከጊዜ በኋላ ለብዙ ሰው ደግሜዋለሁ። ጓርኒሲዮኑን ደረሰኙ ከነዋስትና ወረቀቱ ተያይዞለት ይዘን ወጣን።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አጥፈው ለአባቴ መለሱለትና "ወረቀቱ እዚህ አይሠራም፣ መምህር። እኔ ግን አለሁ" አሉ።

ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ጋራዥ ነበር የምገባው። ቴስታታው ወርዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ቀጥ ያለ ብረት በላዩ አጋድመው በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አሳዩኝ፤ መሃል ላይ ክር የምታህል ብርሃን አለች። ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ ገጹ ተስተካክሎ መጣ። ብሎኖቹ የሚታሰሩበት ቀን ሲደርስ ከሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ባለ ልክ ቁልፍ አወጡ፤ ረዳቶቹ አንዳቸውም አይነኩትም። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር በመስቀለኛ እየሄዱ በመጀመሪያው ዙር ለስለስ፣ በሁለተኛው ጠበቅ፣ በመጨረሻው እስከ ልኩ አሰሩ። በየዙሩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። ወኪሉ ጋ የሰማሁትን እዚህ በእጅ ሲሠራ አየሁት፤ በሁለቱ ጋራዦች መካከል የነበረው የሥራ ልዩነት የቱ ላይ እንደሆነ ያን ቀን ጠፋኝ። በሰፈር ጋራዥ ሁሉ ይህ ይሆናል አልልም፤ ብሎን በግምት የሚያስር፣ የድሮውን ጓርኒሲዮን ማጣበቂያ ቀብቶ የሚመልስ መኖሩንም እዚያው አብነት አይቻለሁ።

ሥራው ሲያልቅ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን እጄ ላይ አስቀመጡት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ያለው ቀጭን ድልድይ ጠቁሮ ተበልቷል። "የወጣ ዕቃ ለባለቤቱ ነው" ይሉ ነበር። ፑንቲና ይሁን ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራም ቢሆን፣ ምን እንደተቀየረ ባለመኪናው በእጁ ይዞ ሳያይ ከጋራዣቸው አይወጣም። ቀጥለውም ለአባቴ "500 ኪሎሜትር ሲነዱ ይምጡ" አሉት። ጓርኒሲዮኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚታመቅ ብሎኖቹ ይላላሉ፤ እንደገና ካልተጠበቁ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። በቀጠሮው ስንመለስ አጠበቁ፣ የቫልቮቹን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ለኩ፣ ገንዘብ አልተቀበሉም። አባቴ ቢለምናቸው "ይሄ የባለፈው ሥራ ነው፤ ገና አላለቀም ነበር" አሉ። ዋስትና ማለት ሥራው አለማለቁን የሚያምን ሠራተኛ ነው ብዬ የማስበው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ለእኔም ሥራ ሰጡኝ። "አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፤ ጻፊ" አሉኝ። አንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኪሎሜትሩን፣ የተቀየረውን ዕቃና የተገዛበትን ቦታ መመዝገብ ጀመርኩ። ዲኤክሷ ዘይት ስትቀይርም፣ ለቦሎ ምርመራ ስትዘጋጅም፣ ሁሉም ይጻፋል።

ሶማሌ ተራን ያወቅሁት በዚሁ ሥራዬ ምክንያት ነው። የፍሪሲዮን ዲስክ ልንገዛ ከረዳታቸው ጋር ተላክሁ። ከላይ እስከ ታች ዕቃ የተንጠለጠለበት ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሦስት ዓይነት ዘረጋልን፤ አንዱ ካርቶኑ የሚያብረቀርቅ አዲስ፣ አንዱ አዲስ ሆኖ ከባድና ውድ፣ ሦስተኛው ከፈረሰ መኪና የወጣ የጃፓን ኦሪጅናል። ረዳቱ ሦስተኛውን አንሥቶ የሸራውን ውፍረት በአውራ ጣቱ ጥፍር ለካና "ይሄ ይሁን" አለ። ሻጩ ጥግ ላይ በማርከር ፊርማውን አኖረበት፤ ቢመለስለት የራሱ ዕቃ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። "ገጥማችሁ ካልሆነ መልሱልኝ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢሆን ግን አንዴ ከተገጠመ አልመልስም ነበር" አለን። ሶማሌ ተራ ውስጥ ይህን ደንብ የማያከብር ሻጭ ደንበኛ አይቆይለትም።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ያገለገለች ኮሮላ ስትገዛ በስልክ የነገረችኝ ያኔ ገርሞኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነጋዴ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚናገር ወረቀት መስኮቷ ላይ ለጥፎ እንዲያቆማት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ግዴታ አለበት። ዋስትና የሌላት ከሆነች ይህንኑ በትልቁ ይጽፋል። የእሷዋ ላይ እንደዚያ ነበር የተጻፈው። መኪናዋ ዋስትና የላትም፤ ግን ገዢዋ ብር ከመክፈሏ በፊት ያን ታነባለች። የእኛው ሐረግ የሚነበበው ሰዉ ልቡ ከቆረጠ በኋላ፣ ብዕር ካነሣ በኋላ ነው።

እዚህ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ሆላንድ ካር የሚባል ኩባንያ የቻይናውን ሊፋን 520 እዚሁ አገር እየገጣጠመ "አባይ" በሚል ስም ማቅረብ ሲጀምር፣ ሰፈራችን ውስጥ ስለ አዲስ መኪናና ስለ ፋብሪካ ዋስትና ብዙ ተወራ። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ ከሰረ። ጋሼ ዜናውን ሲሰሙ አዘኑ፤ አገር ውስጥ መኪና መገጣጠሙን ከልባቸው ወደውት ነበር። "የፋብሪካ ዋስትና ፋብሪካው እስካለ ነው" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዛሬ የአብነት ወሬ ሌላ ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰፈራችን በስሙ ጣቢያ አገኘ፤ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አሁን ጋራዡን የያዘው ያኔ ረዳት የነበረው ልጅ ነው፤ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ስካነሩን ይሰካል። ደንበኞቹ የሚጠይቁት ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው። አምራቾቹ በሌላው ዓለም ለባትሪው ብዙውን ጊዜ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ በነጋዴ እጅ የገባችን መኪና ግን እዚህ ማን ይረከባታል የሚለው ነው ጭንቁ። እሱም "ከመግዛትሽ በፊት የባትሪዋን ጤና ላንብብልሽ፤ ሻጩም ያነበብኩትን ውሉ ላይ ይጻፍልሽ" ይላል። በሙሉ ልቤ የምደግፈው ምክር ነው።

ዲኤክሷን የሸጥናት ጋሼ ጋራዡን ካስረከቡ በኋላ ነው። አባቴ ጉልበቱን እያመመው ፍሪሲዮን መርገጥ ከብዶት ነበር። ከገዛበት በላይ ነው የሸጣት፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሲያረጅ ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየንም። ገዢው ለቤተሰቡ የሚፈልጋት የተረጋጋ ሰው ነው። ውሉ ላይ አባቴ አስቁሞ አንድ መስመር አስጨመረ፤ የግራው የኋላ በር ስቱኮ እንዳለበት፣ ቴስታታው በ1995 ዓ.ም. ተላጭቶ እንደተሠራ። ጸሐፊው እንዲህ ጽፎ አያውቅም፤ ገዢው ደግሞ ይህን ሰምቶ ዋጋ ይቀነስልኝ አላለም።

የደብተሩን ኮፒ ወሰደ፤ ዋናው እኔ ጋ ቀረ። አንዳንዱ ገጽ ኮፒ ላይ አልወጣለትም መሰለኝ እስከ አሁን ይደውላል። ባለፈው ጥቅምት "እህቴ፣ ይቅርታ፣ የኋላው ኩሽኔታ መቼ ነበር የተቀየረው?" አለኝ። ፈልጌ ነገርኩት፤ በ2003፣ በቀኝ በኩል ያለው ብቻ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ጃፓን። "እንግዲያው የግራው ነው የሚጮኸው" አለና መካኒኩን ሊጠራ ስልኩን ዘጋ።